ወጌሻውና ያልተሰበረችው ልጁ

አንድ ወጌሻ ነበር፤ ጓንጉል ይባላል። የሚኖረው በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር፣ ልጆች ተሰብስበው ከሚጫወቱበት ሰፊ ሜዳ አጠገብ ነው። ጓንጉል የወለቀ ትከሻ ይመልሳል፣ የተሰበረ ክንድ በስንጥቅ ቀርከሃና በነጭ አቡጀዲ ያስራል፣ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት በቅቤ አሽቶ ያስተካክላል። ሐኪም ቤት ሩቅ ስለነበር የአካባቢው ሰው አጥንቱን በሙሉ ለእሱ አደራ የሰጠ ይመስል ነበር።

የጓንጉል ጥበብ እጁ ላይ ብቻ አልነበረም፤ አፉም ላይ ነበር። አንድ ልጅ ክንዱን ሰብሮ እያለቀሰ ሲመጣ፣ ጓንጉል ስብራቱን ያላየ መስሎ ከጎኑ ቁጭ ይላል። ክንዱን በቀስታ እየዳበሰ፣ «እስቲ ተጫወት፤ ምን ስትሆን ነው የወደቅከው?» ይለዋል። ልጁ መጀመሪያ ሳግ እየተናነቀው፣ ኋላ ግን እየሞቀው ይተርካል። ኳሷ በየት በኩል እንደመጣች፣ ሁለት ልጆችን እንዴት አታሎ እንዳለፋቸው፣ በረኛው እንዴት አፉን ከፍቶ እንደቀረ ይናገራል። ጓንጉልም «ሂድ አንተ ቀጣፊ! ይሄማ ውሸት ነው!» እያለ ያስቀዋል። ልጁ ከት ብሎ በሳቀባት ቅጽበት አጥንቱ ቀጭ ብሎ ቦታው ይገባል። የሚጮኸው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

በቋንቋችን ልጆች ሜዳ ላይ የሚሯሯጡትም፣ አዋቂዎች ተቀምጠው የሚያወጉትም ስሙ አንድ ነው፤ ጨዋታ ይባላል። ጓንጉል በአንደኛው ጨዋታ የተሰበረውን በሌላኛው ጨዋታ ይጠግን ነበር። በር ላይ ቆማ ለምታለቅሰው እናት ደግሞ ሁልጊዜ የሚላት አንድ ነገር ነበረው። «አይዞሽ፣ የልጅ አጥንት ነው፤ ይገጥማል» ይላታል። እውነትም ይገጥም ነበር።

ይህ ሰው ከሚስቱ ከይመኙሻል ጋር ልጅ ሳያገኝ ብዙ ዘመን ኖረ። ተስፋ በቆረጡበት ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ተወለደችላቸውና ትርንጎ አሏት። ሌላ አባት ልጁን ሲያቅፍ መጀመሪያ ዓይኗን ያያል፣ ማንን እንደምትመስል ይጠይቃል። ጓንጉል ግን ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ ከዚያ ክንዷን፣ ከዚያ የአንገቷን ሥር፣ ከዚያ እግሮቿን። ሁሉም ደህና ነበር። «እንዲሁ እንዳለሽ ትኖሪያለሽ» አላት። ሲናገረው ምርቃት ይመስላል፤ እሱ ግን መማሉ ነበር።

ትርንጎ ዳዴ ስትል ጓንጉል መሬቱን አስጠርጎ ተከተላት። መሮጥ ስትጀምር ሰላሙ አለቀ። ገመድ ልዝለል ስትለው ባለፈው ያሻት ልጅ ቁርጭምጭሚት ትዝ ይለዋል፤ «አይሆንም» ይላል። ድብብቆሽ ልጫወት ስትለው አጥር ሥር ሲሸጎጥ ክርኑ የወለቀ ልጅ ትዝ ይለዋል፤ «አይሆንም» ይላል። መሬት ላይ መስመር አስምረው የሚዘሏትን ሰኞ ማክሰኞን እንኳ ጠይቃው ነበር። ለሰኞ ማክሰኞም ቢሆን አንድ ያበጠ ጉልበት ከትዝታው አላጣም።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ልጁን ሲያያት አንጀቱ ስፍስፍ ይላል። ስህተቱ የመጣው ከሥራው ነው። የእሱን በር የሚያንኳኳው የተሰበረው ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ሲራወጥ ውሎ፣ ላብ አጥምቆት፣ እየሳቀ እናቱ ጋ የገባው ልጅ ወጌሻ ቤት ምን ይሠራል? እንዲህ ሆኖ ጓንጉል ከጨዋታ ሁሉ ያየው መጨረሻውን፣ ያውም ክፉውን መጨረሻ ብቻ ነበር። ሜዳው አፍንጫው ሥር ነበር፤ ግን በሩ ወደ መንገዱ እንጂ ወደ ሜዳው ስለማይከፈት ቆሞ አይቶት አያውቅም።

ትርንጎ ከፍ ብላ ትምህርት ቤት በገባች ጊዜ የስፖርት አስተማሪዋ ቤታቸው መጣች። ወጣት ናት፤ ከተሜ ናት፤ ግን ደንብ ታውቃለች። እጅ ነስታ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ለሴቶቹ ልጆች ቡድን እያቋቋምኩ ነው» አለች። «ሩጫ አለ፣ መረብ ኳስ አለ፣ እግር ኳስም አለ። የትርንጎ ዓይን ከሜዳው አይነቀልም። የቱን ይመርጡላታል?»

«ሩጫ አልሽኝ? ሩጫ ጅማት ይበጥሳል» አለ ጓንጉል። «መረብ ኳስ ጣት ያወልቃል። እግር ኳስንማ ተይው ልጄ፤ ይህ የተቀመጥሽበት ቤት ግማሹ የተሠራው በእግር ኳስ ነው።»

አስተማሪዋ ሳቀች። ጓንጉል ግን አልሳቀም።

«እንግዲያው ቀለል ያለውን እንምረጥላታ» አለች። «ሜዳውን ድንጋይ አስለቅሜያለሁ። ትልልቆቹን ከትንንሾቹ አላጋጥምም። እርስዎም መጥተው አጠገባችን ሆነው ይዩ። ጭራሽ የማያሰጋ ነገር አላገኝልዎትም፤ የሚያሰጋውን ግን አብረን እንቀንሳለን።»

«የማያሰጋ ነገርማ አለ» አለ ጓንጉል።

«ምንድነው እሱ?»

«ቁጭ ማለት።»

አስተማሪዋ አመስግና ሄደች። ጓዳ ሆና ትሰማ የነበረችው ይመኙሻል ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«አንተ ሰው፣ እኔም እናት ነኝ» አለችው። «እንዳትሰበርብኝ እፈራለሁ። ግን ይቺ ልጅ ስትስቅ የሰማሃት መቼ ነው?»

«ስታለቅስስ ሰምቻታለሁ?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ! አታለቅስም፣ አትስቅም። እነዚያን ልጆች አይተሃቸው ታውቃለህ? አንተ ጋ የሚመጡትን አይደለም። የማይመጡትን።»

«የማይመጡትን በምን አያቸዋለሁ?»

«ወጣ ብለህ!» አለች ይመኙሻል። «ለሰው ልጅ ሲሆን ይገጥማል፣ ይገጥማል ትላለህ። የአንተ ልጅ አጥንት ከምን ቢሠራ ነው የማይገጥመው?»

ጓንጉል መልስ እንዳጣ ሰው ሁሉ ተቆጣ። «ልጄ ናት፤ አልኩ አልኩ!» ብሎ ተነሣ፤ የዚያን ቀን ወሬም በዚሁ ተዘጋ።

ይመኙሻል ግን እጅ አልሰጠችም። ጓንጉል ለማሰሪያ ከሚቀደው አቡጀዲ አንድ ረዥም ቅዳጅ ወሰደች። እየጠቀለለች፣ እያጠበቀች፣ በመጨረሻም በመርፌ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ሰፍታ ኳስ ሠራች። ለስላሳ ኳስ ነበረች፤ ዶሮ እንኳ ብትመታ ዶሮዋ ዘወር ብላ አታይም። «ከግቢ አትወጪም፤ ማንም አይገፋሽም። ተጫወቺ» ብላ ሰጠቻት። እናት የምትችለውን ያህል መዝና፣ አደጋውንም ደስታውንም አስባ ያገኘችው መላ ይህ ነበር።

ጓንጉል ከገበያ ሲመለስ ከአጥሩ ውጭ የልጅ ሳቅ ሰምቶ ቆመ። ትንፋሽ እስኪያጥር የሚሳቅ ሳቅ ነበር። ደስ አለው። «የማን ልጅ ትሆን?» አለ በልቡ። የገዛ ልጁን ሳቅ አላወቀውም።

በሩን ገፋ ሲያደርግ ትርንጎ ኳሷን ልትመታ እግሯን አንሥታ ነበር። አባቷን ስታይ ደነገጠች፤ እግሯ አዳለጣትና በቂጧ ዝርግፍ አለች። ወድቃም ሳቋ አላቆመላትም። ጓንጉል የያዘውን ዘንቢል ጥሎ ሮጠ። ቁርጭምጭሚቷን፣ ጉልበቷን፣ አንጓዋን ዳሰሰ። ምንም አልሆነችም። ምንም አለመሆኗ ግን አላረካውም፤ የፈራው ፍርሃት መውጫ ፈልጎ ነበር።

ኳሷን አነሣና አገላብጦ አያት። «ይህ ጨርቅ የስብራት ማሰሪያ ነው» አለ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ስፌቱን በጥርሱ በጠሰና ፊት ለፊቷ ይተረትራት ጀመር። ኳሷ እጁ ላይ እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች። ይመኙሻል ጓዳ በር ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ታያለች። ትርንጎ አላለቀሰችም። ቀረብ ብላ የጨርቁን ጫፍ ያዘችለትና እንዲጠቀልል አገዘችው።

ጓንጉል ይህን ሲያይ ልቡ ሞላ። ራሷን ዳበስ አድርጎ «ጨዋ ልጅ» አላት። ጨዋታዋን ወሰደና ጨዋ አላት። ምስኪን ሰው፣ ያደረገውን አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ትርንጎ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦታዋ ከአባቷ መደብ አጠገብ ሆነ። ጨርቅ ታቀብላለች፣ ቀርከሃ ትስላለች፣ ታያለች። ልጆቹ እያለቀሱ ይመጣሉ፤ አባቷ «ተጫወቱ» ይላቸዋል፤ እነሱም ስለ ሜዳው ያወራሉ። አንድ አጥር ብቻ ከሚለያት ሜዳ የምታገኘው ወሬውን ነበር፤ እሱንም ከተሰበሩ ልጆች አፍ። ጓንጉል እነዚያን ሁሉ ልጆች ሲያጫውት ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ ታያለች። እሷን እስቲ ተጫወቺ ያላት ቀን ግን አልነበረም። ምንም አልተሰበረችማ።

ዓመታት አለፉ። ይመኙሻል ታመመች። ሊለያዩ ሲሉ የጓንጉልን እጅ ይዛ «ልጅቷን ወደ ሰው አውጣት» አለችው። «እሺ» አላት። ይመኙሻል ሞተች፤ በቤቱ የነበረውም ወሬ አብሯት ተቀበረ። ጓንጉል እሺ ያለውን አልረሳም፤ ግን ትርንጎን ወዴት እንደሚያወጣት አያውቅም። ያን ጊዜ እኩዮቿ አንዳንዶቹ ተድረዋል፣ አንዳንዶቹ ለትምህርት ሄደዋል፣ የቀሩትም ሰፈር ሲገናኙ ትከሻ ለትከሻ ተመታተው የሚሳሳቁት በሜዳው ዘመን ነገር ነው። ትርንጎ መሐላቸው ብትቆም የምትስቅበት አታገኝም። ሰላምታ ሰጥታ ታልፋለች።

ወጌሻነቱን ግን ወረሰች፤ እንዲያውም እጇ ከአባቷ እጅ በለጠ ተባለላት። አንድ ነገር ብቻ ጎደላት፤ በእሷ እጅ ልጆች ይጮኻሉ። አንድ ቀን ጣቷ የወለቀባት ልጅ መጥታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «እትዬ፣ ኳሷን እኮ ዘልዬ ቀለብኳት!» አለቻት። ትርንጎ ዝም ብላ አየቻት። ቀጥሎ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ አታውቅም። ልጅቷም ፈራች፤ ወሬዋን ዋጠች፤ ጣቷ ሲመለስ ጩኸቷ መንገድ ድረስ ተሰማ።

ማታ ማታ አባትና ልጅ እራት በልተው ይቀመጣሉ። ጓንጉል አርጅቷል፤ ወሬ ያምረዋል። «ተጫወቺ እንጂ፣ ትርንጎ» ይላታል። «እሺ አባዬ» ትላለች። ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

አንድ የክረምት ጠዋት ጓንጉል ከቤቱ ሲወጣ የገዛ ቤቱ ደፍ አዳለጠውና ወደቀ። የሮጠ የለ፣ የዘለለ የለ፣ ኳስ የመታ የለ። ቅልጥሙ ተሰበረ። ትርንጎ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ሮጣ አይደለም፤ ሩጫ አልለመደችም። ደግፋ አስገባችው፤ ያ ሁሉ ልጅ የተጋደመበት መደብ ላይ አጋደመችው፤ ቅቤዋን፣ ቀርከሃዋን፣ ጨርቋን አቀረበች። እግሩን ዳሰሰችና ስብራቱን አገኘችው።

ጓንጉል የሚመጣውን ያውቃል። ሕይወቱን ሙሉ ሲያደርገው የኖረውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥር ሆኖ አየው፤ ፈራም።

«ትርንጎ» አላት። «የኔ ልጅ፣ እባክሽ እያጫወትሽኝ አድርጊው።»

እጇ ቆመ። «ምን ብዬ ላጫውትህ?»

«ያሻሽን። ልጅ ሳለሽ የሆነውን... የሆንሽውን።»

ትርንጎ አሰበች። አባቷን ልትረዳው ከልቧ ፈልጋለች። ብዙ አሰበች፤ ግንባሯ ላይ ላብ ቸፍ አለ።

«አባዬ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ምን ሆኜ አውቃለሁ?» አለችው።

ንዴት የለበትም፤ ወቀሳም የለበትም። ጠፍቶባት ነው የጠየቀችው። ጓንጉል እሱ ራሱ ሊያስታውስላት ሞከረ። ያን ሁሉ የልጅነት ዘመን አገላብጦ ፈለገ፤ ከአጥር ውጭ ቆሞ ከሰማት ሳቅ በቀር አንድም ነገር አላገኘም።

«ያን ቀን... ከኳሷ ጋር...» ብሎ ጀመረ።

«አዎ፣ እሷን አስታውሳለሁ» አለች ትርንጎ። «ተረተርካት።»

ትርንጎ ጥቂት ጠበቀችው፤ ምንም እንደማይጨምር ስታይ እግሩን ያዘችና ሳበችው። ስንቱ ልጅ በዚያ መደብ ላይ እየሳቀ ድኗል፤ እሱ ግን ሕመሙን እንዳለ፣ ሙሉውን ጠጣው። ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ይገጥማል?» አላት ሲበርድለት።

«አጥንቱ ይገጥማል፣ አባዬ» አለች፤ ጨርቁንም ማሰር ጀመረች።

እግሩ እስኪጠና ድረስ ሥራ የለውም። ክረምቱ ሲያባራ ትርንጎን ለመናትና መደገፊያ ይዛለት ከአጥሩ ማዶ፣ ከሜዳው ጫፍ አስቀመጠችው። ጓንጉል ሜዳውን አየ። ልጆች ይሮጣሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ። በወደቁ ቁጥር እሱ ደንግጦ ከመቀመጫው ሊነሣ ይላል፤ እነሱ ግን አቧራቸውን አራግፈው ቀድመውት ይነሣሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ ጉልበቷ ተልጦ አለቀሰች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ኳሷ ወደ እሷ ስትመጣ ለቅሶዋን ረስታ ተከተለቻት። ከሰዓቱን ሙሉ እንዲህ ሆኖ መሸ። ሁሉም ላብ አጥምቋቸው፣ እየተሳደቡና እየተሳሳቁ በየቤታቸው ገቡ። ወጌሻ ቤት የመጣ አንድም አልነበረም።

«ይመኙሻል፣ አየኋቸው» አለ ጓንጉል ለብቻው። «የማይመጡትን አየኋቸው።» ግን የሚሰማው አልነበረም።

እግሩ የተፈታ ዕለት ጓንጉል የታሰረበትን ጨርቅ እኔ ልጠበው ብሎ ወሰደው። አጠበው፣ አደረቀው፤ ከዚያም እየጠቀለለ፣ እያጠበቀ፣ በመርፌ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ሰፋው። ሲጨርስ ትርንጎን ጠራት። ከሽማግሌ እጅ የወጣች ጎባጣ ኳስ ሰጣት።

ትርንጎ በሁለት እጇ ተቀበለችው። አገላበጠቻት። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ያለ መሰለው፤ ልቡ ዘለለ።

«ቆንጆ ናት አባዬ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ስፌቱን በጥርሷ በጠሰች፤ ኳሷንም ትተረትራት ጀመር።

«ክንዱ የተሰበረ ልጅ እየጠበቀኝ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ማሰሪያ ደግሞ አልቆብኛል።»

ክፋት አልነበረባትም። በኳስ ሌላ ምን እንደሚደረግ ስለማታውቅ ነው። ጓንጉል ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ፣ የጨርቁን ጫፍ ያዘላትና እንድትጠቀልል አገዛት።

ታሪኩ ይኸው ነው። ጓንጉል የፈራው ነገር ውሸት አልነበረም፤ ጨዋታ ይሰብራል። ልጁን ሜዳ የሚልክ ወላጅ ሜዳው ድንጋይ ተለቅሞለት እንደሆነ ይጠይቅ፣ አስተማሪዋን ይወቃት፣ ለልጁ አቅም የሚሆነውን ይምረጥ፤ ይህ ግዴታው ነው። ግን «ትጎዳ ይሆን?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «ደስ ይላት ይሆን?» ብሎም ይጠይቅ። የመጀመሪያውን ብቻ እየጠየቀ ያሳደገ ሰው አጥንቷ አንድ ሳይጎድል፣ ቅስሟ ግን የተሰበረ ልጅ ሊያገኝ ይችላል። አጥንትን የሚመልስ ወጌሻ በየመንደሩ አለ። ቅስምን የሚመልስ ወጌሻ ግን ጓንጉል ቢፈልግ ቢፈልግ አላገኘም፤ ልጅነት አንድ ጊዜ ካለፈ ኳስ ሰፍተው ቢሰጡትም አይመለስም።

እናንተስ፣ ከአጥር ውጭ ቆማችሁ ብትሰሙት የልጃችሁን ሳቅ ታውቁታላችሁ?